ካሜራው የቆመው የት ነበር?

«አር-ሪሳላ» ወይም «ዘ ሜሴጅ» የተሰኘው ፊልም በብዙ ሙስሊም ቤቶች ይታወቃል። ልጆች ካዕባ ብቅ ሲል «መካ!» ይላሉ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ሲቆም ደግሞ «ይሄ አገራችን ነው!» ይላሉ። የልጅ ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን። ያው ልጅ አድጎ ሞሮኮን ሲጎበኝ ግን አስጎብኚ የነገረውን ሁሉ አምኖ ይመለሳል።

እስቲ የተረጋገጠውን እንይ። የፊልሙ አዘጋጅ በሶሪያዋ ሐለብ የተወለደው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ነው። ቀረጻው የተጀመረው በሞሮኮ ሲሆን፣ የምናየው ካዕባ በማራካሽ አቅራቢያ የተሠራ አምሳያ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ግፊት የሞሮኮው ንጉሥ ሥራውን ስላስቆሙ ቡድኑ ወደ ሊቢያ ተሻግሮ ቀሪውን እዚያ ጨረሰ። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እንግዲህ ዋርዛዛት ባለው አትላስ ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ «አር-ሪሳላ የተቀረጸው እዚህ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩት፤ ስቱዲዮው መቼ እንደተቋቋመ ብቻ ጠይቁት። የተቋቋመው በ1983 ነው!

ፊልሙም አንድ አይደለም። እንግሊዝኛውና ዐረብኛው በተለያዩ ተዋንያን ለየብቻ ተቀርጸዋል፤ የሐምዛን (ረ.ዐ.) ቦታ በአንዱ አንቶኒ ኩዊን፣ በሌላው ዐብደላህ ጌይስ ይዘዋል። (ሶሐቦችን በተዋናይ ማሳየት ይገባል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።) ይኸው ኩዊን በ1962ቱ «የዐረቡ ሎረንስ» ውስጥም አለ። በዚያ ፊልም ዋዲ ረም እውነተኛው የዮርዳኖስ በረሃ ነው። ፈረሰኞቹ የሚወርሯት ዐቀባ ግን ስፔን ውስጥ፣ በአልሜሪያ የባሕር ዳርቻ ለቀረጻ የተተከለች ከተማ ናት። በአንድ ፊልም የዋዲ ረሙ አስጎብኚ እውነቱን ሲናገር የዐቀባው ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ሊቃውንቶቻችን ወሬ ሲደርሳቸው «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» ይሉ ነበር። ኢስናድ ያልነው ይህንኑ ነው፤ ለአስጎብኚ ቃልም ይሠራል። በዚያ ላይ ዓይናችሁ አለላችሁ። የፊልሙን ምስል ይዛችሁ ከቦታው ቁሙና ከበስተጀርባ ያለውን የተራራ ጫፍ አስተያዩ። ግንብ ይፈርሳል፣ ይታደሳል፤ ተራራ በሃምሳ ዓመት ቅርጹን አይለውጥም።

የነጃሺ ችሎትስ? በእንግሊዝኛው ፊልም ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው የቤርሙዳው ተወላጅ ኧርል ካሜሮን ነው። ቡድኑም የሠራው በሞሮኮና በሊቢያ እንጂ በሐበሻ ምድር አይደለም። ልጆቻችሁ «ይሄ አገራችን ነው» ሲሉ ስደቱ በ615 ገደማ ወደዚህች አገር መሆኑ እውነት ነው፤ ያዩት አዳራሽ ግን የኛ አይደለም። የኛን ማየት ከፈለጉ ትግራይ ውስጥ ከውቅሮ አለፍ ብሎ ነጋሽ አለ። መስጂዱ በ2020 በጀመረው ጦርነት ተጎድቷል። እዚያ ያለው መቃብር የንጉሡ ነው የሚለው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአገሬው ቃል ነው። ስትሄዱ ሽማግሌዎቹን ከማን እንደተቀበሉት ጠይቋቸው።