ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት፤ የልጆች እድገት ጥናት ታሪክ በናይሮቢ

ሠልጣኞቻችን ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ሲመለሱ በየዓመቱ የሚያቀርቡልን ስሞታ አንድ ዓይነት ነው። «ልጆቹ የመማር ፍላጎት የላቸውም» ይሉናል። ማስረጃችሁ ምንድን ነው ስንላቸው የሚነግሩን ስለ ዝምታ ነው፤ ሲጠየቅ አንገቱን ስለሚደፋ፣ ተነሥ ሲሉት ተነሥቶ ጣቱን ስለሚያፍተለትል፣ መልሱን እያወቀ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ ልጅ። አንዲት ሠልጣኝ በማስታወሻዋ ላይ «ፈዛዛ» ብላ የመዘገበችውን ልጅ በዚያው ዕለት ወደ ማታ ሱቅ በር ላይ አገኘችው። ታናሽ እኅቱን አዝሎ፣ እናቱ የላከችውን ጨውና ሳሙና ይዞ፣ ጎደለ ስለሚለው መልስ ከባለ ሱቁ ጋር ይከራከር ነበር። በሂሳቡም ትክክል ነበር።

ክፍል ውስጥ ዲዳ የሆነው ልጅና ሱቅ በር ላይ የሚከራከረው ልጅ አንድ መሆናቸውን እንዴት እናስረዳለን? ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ በብርቱ ተጠይቋል። የተሰጡት መልሶችም በየዘመኑ እጅግ የተለያዩ ስለነበሩ፣ ታሪኩን ማወቅ ለመምህርነት ለሚሠለጥን ሰው ይጠቅማል ብለን በማመን እነሆ አቅርበነዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከሐኪሞች ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በናይሮቢ በማታሪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዶክተር ጎርደን የአፍሪካውያንን የራስ ቅል መጠን እየለካ፣ ቪንት የተባለው የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ደግሞ የሙታንን አንጎል እየመዘነና እየቈረጠ በመመርመር፣ የኬንያ ተወላጅ አንጎል ከአውሮፓዊው ያነሰ ነው የሚል መደምደሚያ አወጡ። የቪንት ጽሑፍ በ1934 በአንድ የእንግሊዝ የአካል ጥናት መጽሔት ታትሟል። በ1933 በናይሮቢ «የዘር ማሻሻል» ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ ጎርደንም ከግንባር ቀደም ሰዎቹ አንዱ ነበረ። ጎርደን የአውሮፓ ዓይነት ትምህርት አፍሪካዊውን ለአእምሮ ሕመም ሊዳርገው ይችላል እስከ ማለት ደርሷል። የዚህ ትርጉም ለማንም ግልጽ ነው። ልጁ ዝም ካለ ጉድለቱ ከተፈጥሮው ስለሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው ማለት ነው። በሰፋሪዎች እጅ ለነበረች ቅኝ አገር እንዲህ ያለው «ሳይንስ» ምን ያህል ምቹ እንደ ነበረ መግለጽ አያስፈልግም።

በዚያው ዘመን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካበቴ ላይ፣ ሌላ ዓይነት ሰው ይሠራ ነበር። ካበቴ ውስጥ በ1925 የተከፈተው የጂንስ ትምህርት ቤት የገጠር ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ የሚረዱ መምህራንን ከነሚስቶቻቸው የሚያሠለጥን ተቋም ነበር። ኦሊቨር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ በአሜሪካው የካርኔጊ ኮርፖሬሽን ገንዘብ መጥቶ ለምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎች የሚሆን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና አዘጋጀ። አፍሪካውያኑ ተማሪዎች ያገኙት አማካይ ውጤት ከአውሮፓውያኑ ያነሰ ነበር። ኦሊቨር ግን ከዚህ ተነሥቶ የዘር ብልጫ አለ ለማለት አልደፈረም። የሁለቱ ወገኖች አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ ሳይመሳሰል ውጤታቸውን ማወዳደር እንደማይቻል በ1932 ለራሳቸው ለምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞች መጽሔት ጽፎ አስጠነቀቀ። በወቅቱ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በዚያው በማታሪ ሆስፒታል የሠራው ዶክተር ካሮተርስ በ1953 በዓለም የጤና ድርጅት ባሳተመው ጥናት፣ አፍሪካዊውን የአንጎሉ የፊት ክፍል በቀዶ ሕክምና ከተነካበት አውሮፓዊ ጋር አመሳስሎታል።

ሁለተኛው መልስ ልጆቹን ከሆስፒታልና ከፈተና ክፍል አውጥቶ በቤታቸው ደጃፍ መመልከት ነበር። በ1955 እና በ1956 ሮበርትና ባርባራ ለቪን የተባሉ ባልና ሚስት በምዕራብ ኬንያ በጉሲ ሕዝብ መካከል፣ ኛንሶንጎ በተባለ ሥፍራ ተቀምጠው የልጆችን ውሎ መዘገቡ። ይህ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በነበሩት በጆንና በቢያትሪስ ዋይቲንግ የተመራ፣ ስድስት አገሮችን የሚያወዳድር ጥናት አንዱ ክፍል ነው፤ የቀሩት በሜክሲኮ፣ በፊሊፒንስ፣ በኦኪናዋ፣ በሕንድና በአሜሪካ ነበሩ። በጠቅላላው ከ3 እስከ 11 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 134 ልጆች ተጠንተዋል። ከብት በመጠበቅ፣ ማሳ በመኰትኰት፣ ውኃና እንጨት በማምጣት፣ ሕፃን በማዘል ከሁሉም የበለጠ የሚሠሩት የኛንሶንጎ ልጆች ሆነው ተገኙ። ለታናናሾቻቸው በማሰብና ኀላፊነት በመውሰድም ብልጫ አሳዩ። በአንጻሩ የአሜሪካኖቹ ልጆች እርዳታና ትኵረት ለራሳቸው መሻት ያበዙ ነበር። ታላቁ መጽሐፍ የታተመው በ1975 ነው።

ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ዋይቲንጎች በ1966 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «የልጆች እድገት ጥናት ክፍል» የተባለውን ተቋም መሠረቱ። ገንዘቡ ዳግመኛ ከካርኔጊ መጣ፤ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ድርጅት ገንዘብ፣ የኦሊቨር ማስጠንቀቂያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ባለቤት አገኘ ማለት ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለአሠልጣኞች የሚያስደንቀው የአሠራሩ ዘዴ ነው። የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልጆችን የመመልከትና የመመዝገብ ሙያ ተምረው ቋንቋውን በሚያውቁበት በየራሳቸው አካባቢ እንዲያጠኑ ይደረግ ነበር። ተቋሙም በ1970ዎቹ በኬንያውያን ምሁራን እጅ ገብቶ የትምህርት ምርምር ቢሮ ሆነ።

ከጥናቶቹ መካከል ወደ ጉዳያችን በጣም የሚቀርበው በኪፕሲጊስ ሕዝብ መካከል ኮክዌት በተባለ መንደር የተደረገው ነው። ሣራ ሃርክነስና ቻርልስ ሱፐር ከ1972 እስከ 1975 በዚያ ኖሩ። ሕፃናቱ ከአሜሪካውያን ሕፃናት አንድ ወር ያህል ቀድመው እንደሚቀመጡና እንደሚሄዱ አዩ። በመዳህ ግን አይቀድሙም። ምክንያቱም እናቶቹ መቀመጥንና መሄድን ሆን ብለው ያስተምራሉ፤ መዳህን ግን የሚያስተምር የለም። እንግዲህ «የአፍሪካ ሕፃን በተፈጥሮው ፈጣን ነው» ይባል የነበረው ነገር ከትምህርት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ጎርደን ትልልቁን ሰው በተፈጥሮው ዘገምተኛ ነው እንዳለው ሁሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሕፃኑን በተፈጥሮው ፈጣን ነው ብለውት ነበርና፣ ሁለቱም የረሱት አንድ ነገር ነው፤ እናቲቱን።

ቀጥለው ለትንንሽ ልጆች አጭር ታሪክ እየነገሩ መልሰው እንዲተርኩ ጠየቋቸው። አሜሪካውያን የሦስት ዓመት ልጆች ይህን ያለ ብዙ ችግር ሲያደርጉ፣ ከኮክዌት ልጆች አብዛኞቹ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመታቸው ድረስ ለጠያቂው አዋቂ መልስ አልሰጡም። ዝም አሉ። ጐርደን ቢሆን ኖሮ ሚዛኑን ያነሣ ነበር። ሃርክነስና ሱፐር ግን ልጆቹ በቤታቸው ከአዋቂ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ወደ ማጥናት ሄዱ። እናቶች ልጆችን ያዛሉ፣ ይልካሉ፤ ልጁም መረዳቱን የሚያሳየው ሄዶ በመፈጸም ነው። ለአዋቂ ረጅም ንግግር ማድረግ የጨዋ ልጅ ምልክት አይደለም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ግን አንደበታቸው ይፈታል። በ1977 ያወጡት ጽሑፍ የአፍሪካ ልጆችን መፈተን ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ነበር።

ይህን ስናነብ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት» የሚባለው ልጅ የሚመሰገነው ከሁለት ቃል በላይ ስለማይናገር ነው! አቤት ይላል፣ ወዴት ይላል፣ ይሄዳል። የተላከውን አሟልቶ ይመለሳል። ስለ ኪፕሲጊስም የተጻፈው ይኸው ነው፤ በቤት ውስጥ አስተዋይ የሚባለው ልጅ የሚያስፈልገውን ሳይነግሩት አይቶ የሚሠራ ነው። በትምህርት ቤት ጎበዝ ለሆነው ደግሞ ለይተው «በትምህርት ቤት አስተዋይ» ይሉታል፤ ሌላ ዓይነት ነገር መሆኑ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ሠልጣኛችን ሱቅ በር ላይ ያየችው ልጅም በእናቱ ፈተና ያለፈ ነው።

ከናይሮቢ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የኪኩዩ መንደር በንጌቻ ቢያትሪስ ዋይቲንግና ባልደረቦቿ ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ያደረጉት ጥናት ደግሞ የወላጆችን ጭንቀት ያሳያል። እናቶቹ ጥሩ ልጅ ታዛዥ፣ ሰው አክባሪና ለጋስ መሆን እንዳለበት ያምናሉ። ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚያልፈው ጠያቂው፣ ደፋሩ፣ በራሱ የሚተማመነው መሆኑን አይተዋል። ሁለቱን በአንድ ልጅ ውስጥ ማሳደር እንዴት ይቻላል? በተጨማሪም ትምህርት ቤቱ ሞግዚቶቻቸውንና እረኞቻቸውን ወስዶባቸው የቤቱ ሥራ ሁሉ በእነሱ ጫንቃ ላይ ወድቆ ነበር። በ1974 ለመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ክፍያ በቀረ ጊዜ የኬንያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን በሚጠጋ ሕፃን ጨምሯል። እያንዳንዱ ሕፃን ከአንድ ቤት ሥራ ላይ የተነሣ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? የንጌቻው መጽሐፍ የወጣው ቢያትሪስ ካረፈች በኋላ በ2004 ነው።

ከተማ ውስጥስ? ቶማስ ዋይዝነር በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል በካሪዮባንጊ የሚኖሩ የአባሉያ ቤተሰቦችን በምዕራብ ኬንያ በኪሳ ከቀሩት ዘመዶቻቸው ጋር አወዳደረ። ዘመድ ከዘመድ ጋር መወዳደሩ ጥሩ ዘዴ ነው። በከተማ ጠባብ ቤት የሚያድገው ልጅ የሚሠራው ሥራ አነሰ፣ የሚያዝለው ታናሽ ዘመድ አነሰ፤ በእናቱ ላይ መንጠልጠሉና ከሌሎች ልጆች ጋር መጣላቱ ግን በዛ። በሉዎች አገር ደግሞ ካሮል ኤምበር በቤት ውስጥ ሴት ልጅ በመጥፋቷ የሴት የሚባለውን ሥራ እንዲሠሩ የተደረጉ ወንዶች ልጆች ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ጠበኝነታቸው ያነሰ መሆኑን በ1973 አስነብባለች። እኅቶቻችን ውኃ ሲቀዱ ኳስ ስንራገጥ ያደግን እኛ ወንዶች መምህራን ይህችን ጥናት ስናነብ ትንሽ ማፈራችን አልቀረም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳትብን እንፈልጋለን። የልጅ ጉልበት ይበዝበዝ አላልንም። ሕፃን እያዘለች ከትምህርት የቀረችውን ልጅ በየክፍላችን ባዶ ወንበር ላይ እናውቃታለን። የናይሮቢ ጥናቶች ያሳዩት ልጅ የመሥራት ፍላጎቱን ከየት እንደሚያገኝ ነው። እቤት የሚላክ ልጅ ሥራው እውነተኛ መሆኑን ያውቃል፤ ጨው ሳይዝ ቢመለስ ወጡ አልጫ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ የሚጠይቀው ራሱ የሚያውቀውን ነው። ለአዋቂ የሚያውቀውን መልሶ መንገር በልጁ ቤት ትርጉም የሌለው፣ ምናልባትም ድፍረት የሆነ ነገር ነው። በጥንቱ ትምህርት ቤታችን የኔታ ፊደል ቈጣሪውን ሁሉ ራሳቸው አያስተምሩም ነበር፤ ዳዊት የደገመው ትልቁ ልጅ ለትንሹ «ሀ ሁ» ያስቈጥራል። ትንሹ ከልጅ ጋር ስለሆነ አንደበቱ ይፈታል፤ ትልቁም አደራ ተቀብሏል። አለንጋውን ትተን ይህን ብንወስድ ምን ይለናል?

ኬንያውያን በበኩላቸው ነገሩን በፈተናው በኩል ሞክረውታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሶመርሴት የተባለ ባለሙያ የተሳተፈበት ቡድን የ7ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን ጥያቄዎች መመርመር ጀመረ። በቃል የተጠናን ነገር የሚጠይቁት እየቀነሱ፣ ማሰብን የሚጠይቁና የገጠር ልጅ በኑሮው የሚያውቀውን የሚነኩ እንዲበዙ ተደረገ። ከዚያም ልጆች በየትኛው ጥያቄ ለምን እንደ ተሳሳቱ የሚያብራራ መጽሔት ለትምህርት ቤቶች ይላክ ጀመር። ስሕተቱን ለመምህሩ የሚያስረዳ የፈተና ክፍል! ያም ሆኖ ነገሩ በዚህ አላለቀም። በ2001 የታተመ ጥናት በቪክቶሪያ ሐይቅ አቅራቢያ በኡሴንጌ ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 85 ልጆችን ፈትኖ፣ የአገር መድኃኒት ዕፅዋትን በብዛት የሚያውቁት በእንግሊዝኛ የቃላት ፈተና ዝቅ ብለው አግኝቷቸዋል።

በዚህ ዓመት ሠልጣኞቻችን ለልምምድ ሲወጡ አንድ ተጨማሪ ሥራ ሰጠናቸው። እያንዳንዳቸው ክፍል ውስጥ ከሚናገሩት ልጆች ሳይሆን ዝም ከሚሉት አንዱን መርጠው፣ ወላጆቹን አስፈቅደው፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስኪመሽ ያለውን ውሎውን እንዲመዘግቡ ነው። «ፈዛዛ» ያለችውን ልጅ ያገኘችው ሠልጣኝ ያንኑ ልጅ መረጠች። በማግሥቱ የመጀመሪያ ክፍል ልጆችን ሦስት ሦስት አድርጋ ሰጥታው መደመር እንዲያሳያቸው አደረገች። ከኋላ ቆማ የሰማችውን ስትነግረን፣ ልጁ ትንንሾቹን ያስተማራቸው በጨውና በሳሙና ዋጋ ነበር።