ፉከራ በሳክስፎን፦ የመተማ ቆላና የጌታቸው መኩሪያ ሸክላ

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው እየራቀው፣ ሙቀቱ እየበረታበት፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበትን ሜዳና ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዪቱ በስሟ የተሸከመችው እዚያው የወደቀውን ንጉሠ ነገሥት ነው። ከወሰኑ ማዶ ገላባት ትታያለች።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት በአጸፋው የደርቡሾቹን ምሽግ ጥሶ ገባ። ድሉ እጅ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በማግስቱም አረፉ። ያሸነፈ የመሰለው ጦር ተፈታ። አስከሬናቸውን ይዞ ሲያፈገፍግ አትባራ ወንዝ አጠገብ ደርቡሾች ደረሱበት፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የቋራው ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ በግብፆች ጦር የተሸነፈውም በዚሁ ቆላ ነው። ይህ ምድር ጀግንነትንና ሽንፈትን በአንድ ቀን ማየት ለምዷል።

ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ የዚህ ዓይነቱ ቀን ድምፆች ናቸው። ተዋጊው አባቱን ይጠራል፣ ጀብዱውን ይቆጥራል፣ በፈረሱ ስም ይምላል፤ ዐፄ ዮሐንስም አባ በዝብዝ ነበሩ። ሆኖም ከፉከራው በፊት የሚጎተተውን ዜማ በጥሞና ያዳመጠ፣ የሚሰማው ኩራት ብቻ አይደለም። ነገ ላይመለስ የሚችል ሰው ነው ድምፁን የሚያረዝመው። በኋለኛው ዘመን ሽለላን ወደ መድረክ ያወጡት ብዙዎቹ ጩኸቱን ወስደው ኀዘኑን ሜዳ ላይ ትተውታል፤ ጎራዴው ይብለጨለጫል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ከዚያ በላይ የሚቀር ነገር የለም።

ኀዘኑን ከነኩራቱ ያነሣው፣ የሚገርመው፣ አንድም ቃል ያልተናገረ ሰው ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። ከባህል መሣሪያዎች ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ፤ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ቀጥሎም በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። የሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ የፎካሪውን ጉሮሮ በነሐስ ቱቦ ውስጥ አስገባ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሻክራል፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል እንደገና ይነሣል። የውጭ አድማጮች ይህን አጨዋወት ከአሜሪካው ነጻ ጃዝ ጋር ሲያነጻጽሩት ኖረዋል። ምንጩ ግን ከዚህ አገር የጦር ሜዳ ነው፤ እርሱም ሽለላውን በሳክስፎን መንፋት የጀመረው ያ ጃዝ ስም ከማውጣቱ በፊት ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ፊሊፕስ ያሳተመው ሸክላ የዚህ ድካም ፍሬ ነው። «ሽለላ» የሚባለው ዜማ ሲጀምር አዳራሽ ትዝ አይልም፤ ሌሊት፣ ክፍት ሜዳ፣ ከሩቅ የሚጣራ ሰው ነው ትዝ የሚለው። አጃቢዎቹ ዝቅ ብለው ይቆያሉ፣ ሳክስፎኑ በምት ሳይታሰር በላያቸው ይንከራተታል። በሽፋኑ ላይ መተማ የሚል ቃል የለም፤ ቢሆንም ያን ቆላ የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ እንግድነት አይሰማውም።

ቃል አልባ መሆኑም አንድ ነገር አትርፎለታል። ፉከራ ሁልጊዜ ጠላቱን በስም ይጠራል፤ ሳክስፎኑ ግን ማንንም አይጠራም። ስለዚህ ከገላባት ማዶ ያለው ሱዳናዊም፣ የአያቱ ሙታን በዚያው ሜዳ የተቀበሩበት፣ ሳይሰደብ ሊያዳምጠው ይችላል። የሱዳንም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተዋቀረ ነው፤ የቴሌቪዥን መስኮትና የጉምሩክ ኬላ ሳይኖር ጀምሮ በዚህ ድንበር ሸቀጥ ብቻ አልተሻገረም።

ሸክላው ለረጅም ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በፈረንጆች 2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ቅጽ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጌታቸው ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ቡድን ጋር ሠራ፤ በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ቆመ፣ አማርኛ የማያውቅ ወጣት ሁሉ ፊት ሽለላውን ነፋ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፈ።