ስፖርትና የቡድን መንፈስ በከፍተኛ ትምህርት፤ የወላይታ ሶዶ ተሞክሮ

ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት መቅሰሚያ ብቻ ሳይሆን፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ወጣቶች አብሮ መኖርን የሚማሩበት ማኅበርም ነው። ይህ ሁለተኛው ትምህርት በመማሪያ ክፍል ብቻ አይገኝም፤ ከፊሉ የሚቀሰመው በስፖርት ሜዳ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዕቅድ ሲነደፍ ሜዳው ብዙውን ጊዜ ከሕንፃው በኋላ ይታሰባል። የዚህን አስተሳሰብ ጉድለት ለመረዳት ታሪክን መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

ስፖርትና ከፍተኛ ትምህርት የተቆራኙት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1829 ሲሆን፣ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ዩኒቨርሲያድ በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1959 በቱሪን ተካሂዷል። በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ከፍተኛ ትምህርት ለረዥም ዘመን በጥቂት ከተሞች ተወስኖ ቆይቷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንድ ዓመት ሲያስተምሩ፣ የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ያገኘው ተማሪውን እንጂ ተቋሙን አልነበረም።

ለወላይታ ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ1999 ዓ.ም. በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሶዶ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ነው። ተማሪዎች ከመላው አገሪቱ ስለሚመደቡ፣ በአንድ መኝታ ክፍል የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎች ይገናኛሉ። የጓደኛውን ቋንቋ ገና ያልለመደ ተማሪ ኳስ ለማቀበል አስተርጓሚ አያሻውም። አካባቢውም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል ወጣቶችን በጨዋታና በዘፈን ሲያሰባስብ ኖሯል።

የቡድን መንፈስ ምን ሊሠራ እንደሚችል በዚያው ከተማ ግልጽ ምሳሌ ይገኛል። ስሙ በወላይትኛ ዕድገት ማለት የሆነው ወላይታ ድቻ የእግር ኳስ ክለብ በ2001 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ወስዶ፣ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1911 ከተቋቋመው ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈ፤ በመለያ ምትም አለፈ። በተከታዩ ዙር ግን በታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ ተረታ። አስተማሪ የሚሆነው ድሉ ብቻ አይደለም፤ ሽንፈትን ተቀብሎ ወደ ልምምድ መመለስም የትምህርቱ አካል ነው።

የቡድን መንፈስ ግን ሁለት ገጽታ አለው። አንድ ያደረገው ማልያ፣ አወቃቀሩ ከተበላሸ፣ መለያያ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የተከሰተው ግጭት ትምህርትን ያስተጓጎለና የተማሪዎችን ሕይወት የቀጠፈ ነበር። እንዲህ ባለ ወቅት ቡድኖች በትውልድ አካባቢ ከተደራጁ ሜዳው ጠቡን ያባብሳል፤ በትምህርት ክፍልና በመኝታ ሕንፃ ከተደራጁ ግን የተለያዩትን በአንድ ወገን ያሰልፋል። ስለሆነም ቁም ነገሩ ስፖርት መኖሩ ሳይሆን ቡድኑ እንዴት መዋቀሩ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የሚወሰዱ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። ዕቅድ አውጪዎች ሜዳን ከቤተ መጻሕፍትና ከቤተ ሙከራ እኩል በመጀመሪያው የግንባታ ምዕራፍ ሊያካትቱት ይገባል። መምህራን ደግሞ የአካል ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ለተመረጡ ጥቂት ተጫዋቾች ብቻ ሳይተዉ፣ ደካማውም የሚሳተፍበትን የውስጥ ውድድር ማስፋፋት ይኖርባቸዋል። ተባብሮ መጫወትን በትምህርት ቤት ያልለመደ ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ በድንገት ሊለምደው አይችልምና።