በፋው ያልተሰማ ኀዘን

በ1977 ዓ.ም. በረኀብና በጦርነት ተገፍቶ የሱዳንን ድንበር የተሻገረው የሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ በወድ ኮውሊ ከሰፈረ በኋላ፣ የሰፈሩ ውኃ ለብዛቱ አልበቃ ቢል፣ ከፊሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ፋው ተወሰደ፤ ፋውም ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኝ፣ የራሃድ መስኖ እርሻ መናኸሪያ የኾነ፣ አፈሩ በበጋ የሚሰነጠቅ በክረምትም እግር የሚውጥ ጥቁር ዋልካ ነው። እርሻውን የሚያጠጣው ውኃ በሞተር ተስቦ የሚመጣው ከዐባይ ስለ ኾነ፣ ስደተኛው ጥሎት የወጣው አገር ውኃ በባዕድ ቦይ ተከትሎት መጣ ማለት ይቻላል።

የዚያን ዘመን የእርዳታ ሥርዓት የታነጸው ሥጋን ለማትረፍ ነበር። እናት ሕፃኗን ታቅፋ በተራዋ ስትደርስ የሕፃኑ ክንድ በጥብጣብ ይለካል፤ በሚዛን ይንጠለጠላል፤ ይከተባል፤ ክብደቱም በካርድ ይጻፋል። በመንገድ ቀብራው የመጣችው ታላቅ ወንድሙ ግን በጥብጣብ የሚለካ፣ በሚዛን የሚመዘን ነገር አልነበረም። ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ እንጀራና መድኃኒት መቅደማቸው የተገባ ነውና ይህን ለነቀፌታ አልጻፍሁም፤ ነገር ግን ያችን እናት በቋንቋዋ ተቀብሎ ኀዘኗን በሥርዓት ሊሰማ የሠለጠነ ሰው ከወዴት ይገኝ እንደ ነበር ስጠይቅ፣ ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤት ታሪክ ይመልሰኛል።

የዐድዋ ድል በተገኘበት ሰሞን፣ በ1888 ዓ.ም.፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ላይትነር ዊትመር የተባለው ሊቅ ፊደል አስተካክሎ መጻፍ የተሳነውን የ14 ዓመት ልጅ ከመምህርቱ ተቀብሎ መረመረ፤ የዓይኑንም ሕመም አገኘ፤ መነጽርና ለብቻው የሚያስጠና ሰው ሰጠው። ክሊኒካል ሥነ ልቡና ተብሎ የሚጠራው ሙያ ልደቱን የሚቈጥረው ከዚያ ምርመራ ነው። የከፍተኛ ትምህርቱ ሕግ የተደነገገው ግን ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ሲኾን፣ ምክንያቱም ጦርነት ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱትን፣ ሥጋቸው ድኖ መንፈሳቸው የቈሰለውን ወታደሮች የሚያክም ሰው ስላነሰ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ መደበ፤ በነሐሴ 1941 ዓ.ም. በቡልደር ከተማ የተሰበሰቡ መምህራንም ባለሙያው ተመራማሪም ሐኪምም ይኹን፣ ዶክትሬቱንም ከመቀበሉ አስቀድሞ አንድ ዓመት ሙሉ በነባር ባለሙያ ሥር እየታረመ ይለማመድ ብለው ወሰኑ።

ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የየቤተ ሰቡን ምሥጢር በሆዱ የሚጠብቅ፣ ቀኖና የሚሰጥ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ ከኀዘንተኛው ጋር ምድር ላይ የሚቀመጥ የንስሐ አባት ከጥንት አለን፤ እርሱም ለዚህ ማዕርግ የሚበቃው በግሉ መጽሐፍ አገላብጦ ሳይኾን በጉባኤ ቤት ከመምህሩ እግር ሥር ውሎ፣ ፊት ለፊት ቀጽሎ፣ ስሕተቱ በየቃሉ ተነቅሶለት ነው። የስደት ክፋት ግን እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ከአጥቢያው የተነቀለ ሰው ከንስሐ አባቱም ይለያልና።

ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን የወረዱት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ሰሚ ላጣ ኀዘን ምስክር ናቸው። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ምድር በኡም ራኩባ ሰፈር ተሠቃዩ፤ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ በመንገድና በሰፈር ያለቁት 4 ሺህ ያህል እንደሚኾኑ ይገመታል። ከተረፉት ወጣቶች አንዳንዶቹ እስራኤል ገብተው ማዕድ ሞልቶ ሳለ መብላት እንቢ አሉ፤ ነገሩም ምግብ የመጥላት ደዌ መሰለ። ክሊኒካል የሥነ ልቡና ባለሙያው ጋዲ ቤን ኤዘር ግን ተቀምጦ ቢያዳምጥ፣ ለእነዚህ ልጆች ሆድ የስሜት ማኅደር እንደ ኾነ፣ በኀዘን የተሞላ ሆድም ለእህል ስፍራ እንደሌለው ተረዳ። እኛ ይህን ከእናታችን ጡት ጋር የተማርነው ነው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ነገር በሆድ ይታመቃል፣ የማይነገረውንም ሆድ ይፍጀው እንላለን። አንድ የውጭ አገር ሊቅ በብዙ ድካም የደረሰበትን ዕውቀት አንድ የገጠር ባልቴት በአንድ ቃል ትናገረዋለች፤ ያን ቃል ወደ ሕክምና ሥርዓት ለማስገባት ግን የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

በአገራችን ይህ ሥልጠና ዘግይቶ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሥነ ልቡና ይበልጡን ያገለገለው መምህራንን ለማሠልጠን እንጂ ሕሙማንን ለማየት አልነበረም። የአማኑኤል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ኖረ፤ የአእምሮ ሐኪም ለመኾን የሚሻ ሁሉ ባሕር ይሻገር ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከ70 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በአዲስ አበባም በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ ክሊኒካል ሥነ ልቡና በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል፤ ልቤን ደስ ያሰኘዋል።

በ1992 ዓ.ም. ገደማ ተዘግቶ የነበረው የኡም ራኩባ ሰፈርም በ2013 ዓ.ም. ለአዲስ ስደተኛ ዳግመኛ ተከፈተ። እንግዲህ የትምህርቱን መርሐ ግብር የምትነድፉ መምህራን ሆይ፣ ተለማማጁ የልምምድ ዓመቱን ሁሉ በከተማ ሆስፒታል እንዳይፈጽመው እለምናችኋለሁ፤ ከፊሉን በጎንደር በኩል ወደ መተማ ላኩት፤ ከገዳሪፍ የሚመለሰውን ሰው በዚያ ይቀበለው፤ ስለ ሆዱም በአማርኛና በትግርኛ ይጠይቀው።