የዋኘው አጋዘን

ናንታኬትን አብዛኞቻችን የምናውቃት በሄርማን ሜልቪል በኩል ነው። እስማኤል ለዓሣ ነባሪ አደን የተነሣባት፣ «ፒኮድ» የተባለችው መርከብ መልሕቋን የነቀለችባት ደሴት ናት። ሜልቪል «ሞቢ ዲክ»ን በ1851 ሲያሳትም (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ደሴቲቱን በዓይኑ አላያትም ነበር፤ የረገጣት በዓመቱ፣ በ1852 ነው። ቢሆንም ስለ እርስዋ በጻፈው ምዕራፍ አሸዋ ብቻ እንደሆነች አድርጎ መቀለዱ ከእውነቱ ብዙ የራቀ አልነበረም። ሰፋሪዎቹ ዛፏን ቆርጠው ጨርሰውታል፤ የተረፈውን በሺህ የሚቆጠር በግ ግጦታል። የበግ ሸለታው ዕለት የደሴቲቱ ታላቅ በዓል እንደነበር ተጽፏል።

በዚያች ራቁት ምድር ላይ ዛሬ የማወጋችሁ ፍጡር መኖሪያ አልነበራትም። እርስዋም መዥገር ናት።

ላም ካለበት ቤት ላደገ ሰው መዥገር እንግዳ አይደለችም። ከላሚቱ ጡት ሥር፣ ከጆሮዋ እጥፋት እየነቀልን በድንጋይ ያፈረጥናት፣ የማይላቀቀንን ሰው በስምዋ የምንጠራባት ናት። የናንታኬቷ ግን በዓይን የምትያዝ አይደለችም። ሰውን አዘውትራ የምትነክሰው ገና ጎረምሳ ሳለች ነው፤ ያን ጊዜ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም። ቀናት ተጣብቃ፣ ጠጥታ፣ ወድቃ ትሄዳለች፤ የተነከሰውም ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም።

በ1969 በዚያች ደሴት አንዲት ሴት በትኩሳት ታመመች። ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በቀይ ሕዋሶቿ ውስጥ ቀለበት የሚመስሉ ነገሮች ተገኙ፤ ወባን ለሚያውቅ ዓይን ወባ ነው የሚያሰኙ። ወባ ግን አልነበረም። ባቤሲያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነበር። ስሙን ያገኘው በ1888 በሩማንያ ከብቶች ደም ውስጥ ካየው ከቪክቶር ባቤሽ ነው። አሜሪካውያኑ ቴዎባልድ ስሚዝና ኪልቦርን ደግሞ የቴክሳስን የከብት ትኩሳት የምታዛምተው መዥገር መሆንዋን በ1893 አረጋግጠዋል፤ ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ገና ሳይረጋገጥ ማለት ነው። የከብት በሽታ ተብሎ ቀረ። በ1957 በዩጎዝላቪያ አንድ እረኛ በዚሁ ዓይነት ተሕዋስ መሞቱ ቢጻፍም፣ ሰውዬው ጣፊያው የወጣለት ስለነበር ጤነኛን ሰው የሚያሰጋ አልመሰለም። የናንታኬቷ ሴት ግን ጣፊያዋ በቦታው ነበር። ሐኪሞቹን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። በ1973 ሁለተኛ ሰው ታመመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የአገሬው ሰው «የናንታኬት ትኩሳት» አለው።

የሃርቫርዱ የነፍሳት ሊቅ አንድሩ ስፒልማን ምንጩን ሊፈልግ ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። ተሕዋሱ በእግረ ነጭ አይጦች ደም ውስጥ ይኖር ነበር፤ ከአይጥ ወደ ሰው የምታሻግረውም መዥገሯ ናት። ታዲያ መዥገሯ ያን ያህል እንድትበዛ ያደረገው ምን ነበር? መልሱ አጋዘን ሆነ። አጋዘን ተሕዋሱን በደሙ አይሸከምም። ያደገችው መዥገር ግን ባሏን የምታገኘውና እንቁላሏን የምታበስልበትን ደም የምትጠጣው በእርሱ ገላ ላይ ነው፤ ጠግባ ስትወድቅ እስከ ሁለት ሺህ እንቁላል ትጥላለች። አጋዘኑ የመዥገሮች የሠርግ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

አጋዘን ደግሞ በደሴቲቱ ለረጅም ዘመን አልነበረም። በ1922 ዓሣ አጥማጆች አንድ ወንድ አጋዘን በባሕሩ ላይ ሲዋኝ አገኙትና በጀልባቸው ጭነው ናንታኬት አወጡት። የደሴቲቱ ሰው ወደደው። በ1926፣ ብቸኝነቱ አሳዝኗቸው ይባላል፣ ከሚሺጋን ሁለት እንስቶች አስመጡለት። የዓሣ ነባሪ ንግድ ከሞተ ቆይቷል፤ በጎቹም ከመስኩ ጠፍተው፣ በሜልቪል ዘመን ባዶ የነበረው አሸዋ ቁጥቋጦ ለብሷል። አጋዘኖቹ ተዋለዱ፤ መዥገሯም ተከተለቻቸው።

እኔ በባንክ መስኮት ኋላ የምውል ሰው ነኝና ሌላው ለተበደረው ዋስ ሆኖ የሚከፍል ሰው በየጊዜው አያለሁ። ዋሱ ግን ቢያንስ ፈርሟል። የ1969ኙ ትኩሳት ያገኛት ሴት ምን ፈርማ ነበር? ዓሣ አጥማጆቹንስ ማን ይወቅሳቸዋል? በዚያ ጀልባ ላይ ብሆን እኔም ገመድ እወረውር ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1981 ቪሊ ቡርግዶርፈር ሼልተር አይላንድ ከተባለችው የኒው ዮርክ ደሴት በመጡ የዚችው ወገን መዥገሮች ውስጥ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ አገኘ። ላይም የተባለው በሽታ መንሥኤ ነበር፤ በኋላም በስሙ ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። በእኛ አገር በቅማል የሚተላለፈው፣ በረኀብና በስደት ዘመን ወገናችንን የፈጀው የሚያገረሽ ትኩሳት ከዚሁ ከቦሬሊያ ዘር ነው።

በኬፕ ኮድ ባለችው ግሬት አይላንድ ላይ በ1980ዎቹ አጋዘኖቹን ከሞላ ጎደል አስወገዷቸው፤ የመዥገሯም እጭ እጅግ ቀነሰ። በናንታኬት ግን አጋዘኑን የሚወድም የሚያድንም ስላለ ነገሩ የሚያከራክር ሆነ። በ2016 ኬቨን ኤስቬልት የተባለ ሳይንቲስት ሌላ ሐሳብ ይዞ በደሴቲቱ ሕዝብ ፊት ቀረበ፤ አጋዘኑን ትቶ አይጡን የላይም በሽታ እንዳይዘው አድርጎ በዘር መለወጥ። ነዋሪዎቹም አይጡ ይለቀቅ አይለቀቅ የምንወስነው እኛ ነን ብለው ይጠይቁት፣ ይከራከሩት ጀመር። በ1922 ማንም ምንም አልጠየቀም ነበር፤ አጋዘኑ ውኃውን ከላዩ አራግፎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።