«መጠቅለል» እና «ማሳነስ»፦ ስለ ፊት ሸራ መሣሪያ ስያሜ ታሪክ

የትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎችን የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና ከመነሻው ሁለት የእንግሊዝኛ ግሦች ያጋጥሙታል፤ «ፈርል» እና «ሪፍ»። ሁለቱንም «መጠቅለል» ብሎ ማለፍ ይቀናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሸራውን ነፋስ እንዳያገኘው ፈጽሞ መሰብሰብ ሲሆን፥ ሁለተኛው ነፋሱ ሲበረታ የሸራውን ስፋት ቀንሶ ጉዞውን መቀጠል ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በታች እናሳያለን።

«ፈርል» ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፥ መሠረቱ «አጥብቆ ማሰር» የሚል ሐሳብ አለው። «ሪፍ» ደግሞ በጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ «የጎድን አጥንት» ማለት ከነበረው ቃል የወጣ ነው። በሸራው ላይ አግድም የሚያልፈው መታጠፊያ እርከን የጎድን አጥንት ይመስላልና ስያሜው አይደንቅም። ለብዙ ዘመናት ሸራን ማሳነስ ማለት ይህን እርከን አጥፎ በአጫጭር ገመዶች ማሰር ነበር። በትልልቅ መርከቦች ላይ ይህ ሥራ መርከበኛውን በማዕበል መካከል ወደ ደቀሉ አናት ያስወጣው ነበር። በ1850 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ሄንሪ ካኒንግሃም የላይኛውን ሸራ በተሸካሚው አግዳሚ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ ከታች ሆኖ ለማሳነስ የሚያስችል ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። በዚህ ዘዴ ማሳነስ ያለ ማጠፍ ተከናወነ፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም።

የትንንሽ ጀልባዎች የፊት ሸራ ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፓተንት የተመዘገበው የዋይክሃም ማርቲን መሣሪያ ከታች ገመድ የሚጠነጠንበት ከበሮ፥ ከላይ ደግሞ ተሽከርካሪ ማያያዣ አለው። ሸራው በፊት ጠርዙ ውስጥ በተሰፋው ሽቦ ላይ ይጠቀለላል። ሽቦ ግን ሲጠመዘዝ ይተጣጠፋል፤ ታችኛው ጫፍ ሲዞር ላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያው ሸራውን በሙሉ ለመዘርጋት ወይም በሙሉ ለመጠቅለል እንጂ በከፊል ጠቅልሎ ለመጓዝ የታሰበ አልነበረም፤ በትክክልም «ፈርል» ተባለ።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩ ተለወጠ። የደቀሉን ፊት የሚይዘው ሽቦ ቦይ ያለው የአሉሚንየም ዘንግ ለበሰ፤ የሸራው ጠርዝም በቦዩ ውስጥ ገባ። ዘንጉ ከሽቦ ይልቅ መጠምዘዝን ስለሚቋቋም የከበሮውን ዙር እስከ ላይ ያደርሳል፤ ስለዚህም ሸራውን በከፊል ጠቅልሎ መጓዝ ይቻላል። ጀርመንኛ ልዩነቱን ጠብቆ አሮጌውን «ሮልፎክ»፥ አዲሱን «ሮልሬፍ» ይላል። ፈረንሳይኛ «አንሩለር» ብሎ የመጠቅለሉን እንቅስቃሴ ብቻ ይሰይማል። እንግሊዝኛ በመጽሐፍ ቢለይም በመርከበኞች አንደበት ሁለቱን «ፈርለር» ብሎ ይቀላቅላል፤ ተርጓሚውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ያረጀው መሣሪያ በሚለወጥበት ጊዜ ነው። ኩሺኔታዎቹ በጨው ተበልተው ይንገራገጫሉ፤ የማይዝግ ብረት ብሎን አሉሚንየሙን በነካበት ሥፍራ ይቦረቡረዋል፤ በዘንጉ ውስጥ የተሸሸገው ሽቦ ደግሞ ከውጭ አይታይም፤ ቢበጠስ ደቀሉ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይችላል። ባለ ጀልባው ምን መተካት እንዳለበት ከመመሪያው ያነባል። መመሪያው «ለመጠቅለል ብቻ» የሚለውን ከ«ለማሳነስ» ካልለየ፥ ሰውየው ለማሳነስ ያልተሠራውን መሣሪያ ገዝቶ በብርቱ ነፋስ ሸራውን በግማሽ ይጠቀልላል። ያን ጊዜ የነፋሱ ጫና ሁሉ በአንዲት ቀጭን ገመድ ላይ ያርፋል፤ ገመዲቱ ከተበጠሰች ሸራው በአንድ ጊዜ በሙሉ ይዘረጋል።

በአማርኛ «ማጠፍ» ለአሮጌው በገመድ ለሚታሰረው ሸራ የተገባ ነው። «ማጠንጠን» የፈትል ቃል ስለሆነ ለሸራው አልመረጥነውም፤ ለገመዱ ግን ከዚህ የተሻለ አናገኝም፤ ሸራው ሲዘረጋ ገመዱ በከበሮው ላይ ይጠነጠናልና። ስለዚህ «ፈርል» ን «መጠቅለል»፥ «ሪፍ» ን «ማሳነስ»፥ የዘመኑን መሣሪያ ደግሞ «ጠቅልሎ ማሳነሻ» ብንል እንመርጣለን። ስሙ የእጁን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን የሥራውን ዓላማ መናገር ይገባዋል።

የሸራው ስም ራሱ ብዙ ተርጓሚዎችን አድክሟል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የሚገኘው «አርቴሞን» የተባለ የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው። የ1611ዱ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝኛ ትርጉም «ዋና ሸራ» ሲለው፥ የ1881ዱ (እ.ኤ.አ.) እርማት «የፊት ሸራ» አለው። ከመልሕቅ ተፈትቶ ወደ ባሕር ዳር ለሚገፋ መርከብ የኋለኛው ይስማማል፤ ትንሹ የፊት ሸራ አፍንጫውን ወደ የብስ ያቀናለታልና። እኛም «የፊት ሸራ» የሚለውን ይዘናል፤ ለተሽከርካሪው ማያያዣ ግን አጭር ስም ገና እየፈለግን ነው።