በሬዲዮ ተገናኝተው በሬዲዮ የተለያዩ

ኦገስት 24 ቀን 1940፣ ለንደን (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ሲሪኑ ይጮኻል፤ ከተማዋ በጨለማ ተውጣለች። የሲቢኤስ ሬዲዮ ዘጋቢው ኤድዋርድ ሙሮ ትራፋልጋር አደባባይ ዳር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ በቀጥታ ለአሜሪካ ይናገራል። ድንገት ንግግሩን ገታና ማይክሮፎኑን ወደ መሬት ዝቅ አደረገው። ወደ መጠለያ የሚሄዱ ሰዎች ኮቴ ተሰማ። አድማጩ ቤቱ ተቀምጦ የለንደን ሰው እንዴት እንደሚራመድ በጆሮው አየ።

ስለ ሬዲዮ ዜና ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚያ ኮቴ ነው። ሙሮ መናገር ብቻ ሳይሆን ዝም ማለትንም ያውቅ ነበር። ስርጭቱን ሲከፍት የሚያደርጋት ዝነኛ ዕረፍት እንኳ የኮሌጅ የንግግር መምህርቱ የአይዳ ሉ አንደርሰን ምክር ናት።

ሙሮን ያገነነው ግን ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ባልደረቦቹም ናቸው። በ1937 ወደ ለንደን ሲላክ ሥራው የሌሎችን ንግግር ማዘጋጀት እንጂ ዜና ማቅረብ አልነበረም። በዚያው ዓመት በርሊን፣ አድሎን ሆቴል፣ ዊልያም ሻይረርን አገኘ። ሻይረር የሚሠራበት የዜና ወኪል ተዘግቶበት ሥራ ፈትቷል፤ አንድ ዓይኑም በበረዶ ሸርተቴ አደጋ ጠፍቷል። ድምፁ ሲፈተን ቀጭን ሆኖ ተገኘና የኒውዮርክ አለቆች አልወደዱትም። ሙሮ ግን ጋዜጠኛ እንጂ ጥሩ ጉሮሮ አልነበረም የሚፈልገው፤ አልለቅም አለ።

ትክክል እንደነበር በወራት ውስጥ ታየ። ማርች 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ሲገባ ሻይረር ቪየና ነበር፤ ናዚዎቹ ግን ማይክሮፎን ከለከሉት። ሙሮ ከፖላንድ ሆኖ «ለንደን ብረርና ከዚያ ተናገር» አለው፤ እሱ ደግሞ 27 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ተከራይቶ ብቻውን ወደ ቪየና ገሰገሰ። እሑድ ማርች 13 ኒውዮርክ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት አዘዘች፤ የነበራቸው ጊዜ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ማሰራጨት በጣቢያው ክልክል ስለነበር ሁሉም በቀጥታ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በየተራው መግባት ነበረበት። ሻይረር ከለንደን ከፈተ፤ ሙሮ ከቪየና ተናገረ፤ ፓሪስና በርሊንም ገቡበት። ዛሬ ዘጋቢዎችን ከየከተማው እየጠራ ዜና የሚያቀርብ ጣቢያ ሁሉ የዚያች ምሽት ባለዕዳ ነው።

በ1940 መጨረሻ ሻይረር በርሊንን ለቅቆ ሲወጣ ሙሮ ሊዝበን ድረስ ሄዶ በመርከብ ሸኘው። እንደ ወንድማማች ነበሩ።

በ1947 ሆድና ጀርባ ሆኑ። የሻይረርን የእሑድ ዝግጅት ይደግፍ የነበረ የመላጫ ሳሙና ድርጅት ተወው፤ ሰዓቱም ለሌላ ተሰጠ። ሻይረር ይህ የመጣብኝ በፖለቲካ አቋሜ ነው ብሎ አመነ። በወቅቱ የጣቢያው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ሙሮ አይደለም አለ። ሻይረር ሥራውን ለቀቀ። በ1960 በናዚ ጀርመን ታሪክ ላይ ባሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ ስሙ ዳግም ሲገን እንኳ በሁለቱ መካከል ዕርቅ አልወረደም።

ሙሮ ሲጋራ ከእጁ አይለይም ነበር፤ የሳንባ ካንሰር ያዘው። በ1964 ሻይረርን ከነባለቤቱ ፓውሊንግ ወዳለው እርሻው ጋበዘው። ሕመም ያደከመው ሰው መሪውን ራሱ ይዞ የቀድሞ ጓደኛውን በጂፕ እርሻውን አዞረው። የቆየውን ጉዳይ ሊያነሳ አፉን በከፈተ ቁጥር ሻይረር ወሬ ለወጠበት። አልፈርድበትም፤ 17 ዓመት የቆየ ቁስል ነው። ሙሮ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 27፣ 57 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ አረፈ። ጂፑ ውስጥ ሊላት የፈለጋትን ቃል ሻይረር አልሰማትም።